ካፕሽን ጽሕፈትን ከቤት ሆኖ ስለ መጀመር፦ ከቱሉ ዲምቱ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂዋ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ እናት ናቸው። በግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ቆይተው ልጅ ከወለዱ በኋላ ሥራቸውን የለቀቁት የትራንስፖርትና የሞግዚት ወጪው ደመወዛቸውን ስለሚጨርሰው እንደ ሆነ ገልጸዋል። በአሜሪካ ካፕሽን፣ ማለትም በቪዲዮ ላይ የሚነገረውን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ጽሑፍ፣ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከቤታቸው ሳይወጡ ጥሩ ገቢ እንደሚያገኙ አንብበው ሦስት ነገር ጠይቀዋል፦ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀውን ልዩ የመጻፊያ መሣሪያ መግዛት ይኖርብኛል ወይ? አማርኛና እንግሊዝኛ መቻሌ ብቻውን ይበቃኛል ወይ? በቴሌግራም ያገኘኋቸው ሰዎች ሥራ ከመስጠታቸው በፊት የመመዝገቢያ ገንዘብ ጠይቀውኛልና ልክፈል ወይ?

የመጨረሻውን ላስቀድምና፣ አይክፈሉ። ሥራ የሚሰጥ ሰው ከሠራተኛው ገንዘብ አይቀበልም። እውነተኛ ደንበኛ ቢበዛ የሚጠይቅዎት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ለሙከራ ሠርተው እንዲያሳዩት ነው፤ የሙከራው ቪዲዮ ግማሽ ሰዓት የሚሆን ከሆነ ግን ያ ሙከራ ሳይሆን በነፃ ማሠራት ስለሆነ በትሕትና ይመልሱት።

ያነበቡት ነገር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ አንድ የተለየ የሙያው ክፍል ነው። በአሜሪካ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ንግግሩን እግር በእግር እየተከተሉ ከሚጽፉት ባለሙያዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በፍርድ ቤት ጸሓፊዎች ዘንድ የታወቀውን የስቴኖ መሣሪያ ሲሆን፣ መሣሪያው በርካታ ቁልፎችን በአንድ ጊዜ በመጫን አንድ ክፍለ ቃል ወይም ሙሉ ቃል በአንድ ምት እንዲጻፍ ያደርጋል። የአገሪቱ የፍርድ ቤት ጸሓፊዎች ብሔራዊ ማኅበር ለቀጥታ ካፕሽን ጸሓፊዎች በሚሰጠው ፈተና ላይ ተፈታኙ በደቂቃ 180 ቃላት ፍጥነት የሚነበብለትን ጽሑፍ በ96 በመቶ ትክክለኛነት መጻፍ ይጠበቅበታል፤ ወደዚያ የሚያደርሰው ልምምድም በወራት ሳይሆን በዓመታት የሚቆጠር ነው። ሥራው እዚያ የበዛው ደግሞ ሕግ ስላስገደደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግና እሱን ተከትለው የወጡት ደንቦች የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ካፕሽን እንዲኖራቸው አዝዘዋል። አዲስ የባለሙያ መሣሪያ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ፕሎቨር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቅሞ በተራ ኪቦርድ መለማመድ የሚቻል ቢሆንም፣ የአጻጻፍ ሥርዓቶቹ የተሠሩት በእንግሊዝኛ ድምፆች ላይ ስለሆነ ለአማርኛ ሥራ አይጠቅሙዎትም። ስለዚህ መሣሪያውን አይግዙ፤ ቀጥታ ሥርጭቱንም ለጊዜው ይተዉት።

ለእርስዎ የሚስማማው መጀመሪያ የተቀዳ ቪዲዮ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የተነገረውን በዚያው ቋንቋ መጻፍ ሲሆን፣ በተለይ መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች ሲዘጋጅ ድምፆችንም ይጨምራል። ሁለተኛው ንግግሩን ወደ ሌላ ቋንቋ መልሶ በስክሪኑ ግርጌ ማስቀመጥ ነው፤ በተለምዶ ሰብታይትል የምንለው ይህ ነው። በእኔ አስተያየት በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚጀምር ሰው ቶሎ ክፍያ የሚያስገኘው ሁለተኛው፣ በተለይም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ያለው ነው። ከተማዋ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት፤ በርካታ የውጭና የአገር ውስጥ የእርዳታ ድርጅቶችም ቢሯቸው እዚሁ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ከገበሬዎች፣ ከእናቶች፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር የሚያደርጉትን ቃለ መጠይቅ ለለጋሾቻቸው ሲልኩ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥሩ ማስገባት ይኖርባቸዋል። ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ የሚረከቡት ቪዲዮውን የቀረጹት ትንንሽ ስቱዲዮዎች ናቸው፤ በእነዚያ ስቱዲዮዎች ደግሞ ኤዲተሩ ምስሉን አሳምሮ ከጨረሰ በኋላ ጽሑፉን በጥድፊያ፣ ብዙ ጊዜም በማይተማመንበት እንግሊዝኛ ያስገባዋል። እንግሊዝኛ አስተማሪ እንደ መሆንዎ ሊገቡበት የሚችሉት ክፍተት ይህ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚሰሙ ከሆነ ደግሞ፣ በሚኖሩበት አካባቢ ይህ የተለመደ ነውና፣ በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ላይ በግልጽ ይጻፉት፤ ሦስቱን ቋንቋዎች አጣምሮ የሚሠራ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የሙያው እምብርት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ሁለቱን ቋንቋዎች መቻል ግድ ነው፤ ይሁንና አንድን ካፕሽን ጥሩ የሚያሰኘው ተመልካቹ ምስሉንም እያየ አንብቦ መጨረስ መቻሉ ነው፤ ይህም የጊዜ ሒሳብ ነው። ኔትፍሊክስ ለእንግሊዝኛ ጽሑፎቹ ያወጣው መመሪያ በአንድ መስመር ከ42 ፊደል፣ በአንድ ጊዜ ከ2 መስመር፣ አንድ ጽሑፍ በስክሪን ላይ ከ7 ሰከንድ እንዳያልፍ ያዛል፤ ለአዋቂ ተመልካች የተቀመጠው የንባብ ፍጥነት ጣሪያም በሰከንድ 20 ፊደል ነው። ቢቢሲ በበኩሉ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ቃላት ያለውን ፍጥነት ይመክራል። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ወደ አማርኛ ማምጣት ግን ተመልካቹን ያስጨንቀዋል፤ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ይመጣል፣ አንድ ግስም አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን በውስጡ ይጠቀልላል። እኔ ለአማርኛ የምሠራበት ልክ በመስመር እስከ 30 ፊደል፣ በሰከንድ ደግሞ እስከ 10 ፊደል የሚል ነው። ይህ ማንም ተቋም ያጸደቀው ደረጃ ሳይሆን በሥራ ላይ የያዝሁት ልክ ነው፤ ተመልካቾቹ ሕፃናት ወይም አረጋውያን ሲሆኑ ከዚህም ዝቅ አደርገዋለሁ።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ተናጋሪ «እኔ እንግዲህ ያው ምን ልበልህ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ነው በቃ ሥራ የምጀምረው» ብትል፣ ይህንንም ለመናገር 4 ሰከንድ ቢፈጅባት፣ ክፍት ቦታውንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ 57 ፊደል ይሆናል፤ በሰከንድ ከ14 ፊደል በላይ ማለት ስለሆነ አይነበብም። «ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ነው ሥራ የምጀምረው» ተብሎ ሲጻፍ 33 ፊደል ይቀራል፤ ሐሳቡም አልተነካም። በሁለት መስመር ሲከፈል የላይኛው «ነው» ላይ ማብቃት አለበት፤ «ከሄዱ በኋላ» ላይ ቆርጦ «ነው»ን ወደ ታች መጣል ንባቡን ያደናቅፋል። እንደዚሁም «ዝም» ከ«አለ»፣ «ብድግ» ከ«አለች» አይነጠልም፤ በ«የ» የሚጀምር ገላጭም የሚገልጸውን ስም ትቶ ለብቻው በመስመር መጨረሻ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ይህን ያህል ካልሁ በኋላ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ «ያው»፣ «በቃ»፣ «እንግዲህ» ሁልጊዜ የሚጣሉ አይደሉም። ተናጋሪዋ ጥያቄውን እየሸሸች ከሆነ ማመንታቷ የመልሷ አካል ነውና መቆየት አለበት፤ የትኛው እንደሚቆይ የሚወስነው ጸሓፊው ነው፤ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች እስካሁን በደንብ የማይተኩትም ይህንን ፍርድ ነው።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱ ሌላ ችግር ይገጥምዎታል። በእኛ አነጋገር ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ተናጋሪው «በመጨረሻ ላይ ተወዳድራ የተመረጠችው ማን መሰለችህ፣ የጎረቤታችን የወይዘሮ አልማዝ ልጅ» ሲል ስሟን እስከ መጨረሻው አቆይቶታል። ጸሓፊው በእንግሊዝኛ ሰዋስው ተስቦ ስሟን ከፊት ካስቀመጠው ተመልካቹ ተናጋሪው ከመናገሩ በፊት ነገሩን ያውቀዋል፤ የተናጋሪው ፊትና ከሥሩ ያለው ጽሑፍም ይለያያሉ። ስሟ በድምፅ ሲመጣ በጽሑፍም እንዲመጣ ዓረፍተ ነገሩን በዚያው ልክ ማዋቀር ያስፈልጋል።

የዘመንና የሰዓት ስሕተት ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ሳያስጮኽ ያልፋልና። አንድ የወሎ አዛውንት ስለ 77ቱ ድርቅ ሲናገሩ ጸሓፊው በእንግሊዝኛ 1977 ብሎ ቢጽፍ፣ የውጭ ተመልካቹ ረኃቡን ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ያስቀምጠዋል፤ ትክክለኛው እ.ኤ.አ. 1984 እና 1985 ነው። አንዲት እናት «ምጡ የያዘኝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው» ብትል በእንግሊዝኛው ከሌሊቱ 2 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሆነ ነገር ሲሆን የዓመቱ ልዩነት 7፣ ከዚያ በኋላ ሲሆን 8 መሆኑን አይርሱ፤ ተናጋሪው ወሩን ካልጠቀሰ ጠያቂውን ወይም ስቱዲዮውን ይጠይቁ እንጂ በግምት አይሙሉት። የመሬት ስፋትና የእህል ልክም እንደዚሁ ነው፤ ጥማድ፣ ገመድ፣ ቁና ከቦታ ቦታ ይለያያሉና ያለ ማረጋገጫ ወደ ሄክታርና ኪሎ አይለውጧቸው።

መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች ሲጽፉ ደግሞ ከንግግሩ ሌላ ለታሪኩ የሚያስፈልጉ ድምፆችን በቅንፍ ያስገባሉ፦ [በር ይንኳኳል]፣ [ከውጭ ለቅሶ ይሰማል]። ሁሉንም ድምፅ መጻፍ አያስፈልግም፤ የወፍ ጫጫታው ለነገሩ ምንም የማይጨምር ከሆነ ይለፉት። ተናጋሪው በምስሉ ላይ የማይታይ ሲሆን ስሙ ይጻፋል። በአገራችን ላሉ ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ መሆኑንና አማርኛውን በትምህርት እንዳገኙት ማስታወስም ይገባል፤ ስለዚህ የተወሳሰበ ዓረፍተ ነገርን ማቅለል ያስፈልጋል፤ ካፕሽን አለ ተብሎም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው መቅረት የለበትም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀች ስለሆነ ለመንግሥታዊና ለእርዳታ ድርጅቶች ማመልከቻ ሲጽፉ ይህን መጥቀስ ተገቢ ነው። የዩቲዩብ ሠሪዎችን ግን የሚያሳምናቸው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥና መሥሪያ ቤት ድምፁን ዘግቶ እንደሚመለከት ቢነግሯቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ስለ መሣሪያዎቹ ብዙ አልልም። ሰብታይትል ኤዲት ወይም ኤጂሰብ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይበቃሉ፤ ሁለቱም የድምፁን ሞገድ በምስል ስለሚያሳዩ ጽሑፉ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቅጽበት በዓይን ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሰብታይትል ኤዲት ደግሞ ከላይ የጠቀስሁትን የፊደል ልክ አስቀድመው ቢሞሉለት ሲያልፉት ያስጠነቅቅዎታል። የሚያስረክቡት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ኤስ አር ቲ የሚባለው ሲሆን፣ ተከታታይ ቁጥር፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ ከዚያም ጽሑፉን የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፦

12
00:01:12,400 --> 00:01:16,400
ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ነው
ሥራ የምጀምረው

በአማርኛ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ብልሽት ከፊደል አቀማመጥ የሚመጣ ነው። በድሮዎቹ የግእዝ ፕሮግራሞች፣ ዩኒኮድ (ሁሉም ዘመናዊ መሣሪያ የሚያነበው የፊደል አመዘጋገብ) ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ነገር በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ መስሎ ይታይና በደንበኛው ስክሪን ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። ስለዚህ በዩኒኮድ ኪቦርድ ይጻፉ፣ ፋይሉን ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ ዓይነት ያስቀምጡ፣ ከማስረከብዎ በፊት በስልክዎ ከፍተው ይመልከቱ። ጽሑፉ ከምስሉ ጋር ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ወፈር ያለና ጥርት ብሎ የሚታይ ፎንት ይምረጡ። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአንድ ቪዲዮ ውስጥ መዘበራረቃቸው የሥራውን ክብር ስለሚቀንሰው፣ ከመጀመሪያው ሥራ ጀምሮ የራስዎን የቃላት ዝርዝር በአንድ ፋይል ይያዙ፤ የሰውና የቦታ ስሞችንም እዚያው ይመዝግቡ። ድምፁን ለመለየት የሚያስፈልገው ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ ነው፤ ከጎረቤት ፎቅ የሚመጣውን የሚስማር ምት ይቀንስልዎታል።

ቱሉ ዲምቱ መኖርዎ የሚያሰናክልዎት የቀጥታ ሥርጭት ሥራ ቢሆን ነበር፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ይቋረጣልና። የተቀዳ ቪዲዮ ግን ኢንተርኔት የሚፈልገው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው። ደንበኛው ሙሉ ጥራት ያለውን ሳይሆን አነስ ያለ ቅጂ እንዲልክልዎት ይጠይቁ፤ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ በ360 ጥራት ከ50 ሜጋባይት ብዙም አይርቅም፤ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። በቅጂው ላይ የጊዜ ቆጣሪው ታትሞ ቢመጣ ደግሞ ጽሑፍዎ ከዋናው ጋር መግጠሙን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል። የሚመልሱት የጽሑፍ ፋይል ብዙ ጊዜ ከ50 ኪሎባይት ስለማይበልጥ መስመሩ ደካማ በሆነበት ሰዓት እንኳ ይሄዳል። የላፕቶፕዎ ባትሪ ቢያንስ ሁለት ሰዓት የማያቆይ ከሆነ ገንዘብዎን በቅድሚያ እዚያ ላይ ያውሉት። ለደንበኛ ቀን ሲቆርጡም መብራት የሚጠፋበትን ቀን አስበው ይሁን፤ በማግስቱ አደርሳለሁ ብሎ ማክበር ዛሬ ማታ ብሎ ከማሳፈር ይሻላል።

ማሽኑ ሥራዬን ይወስድብኝ ይሆን ብለው ባይጠይቁም ይህን ማሰብዎ ስለማይቀር በአጭሩ ልንካው። ጉግል አማርኛን ወደ ድምፅ መተየቢያው ያስገባው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ነው፤ በመስከረም 2022 የወጣው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ዊስፐር የተባለ ፕሮግራምም አማርኛን ከቋንቋዎቹ ይቆጥራል፤ ነገር ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ባወጡት ፈተና አማርኛ ውጤታቸው እጅግ ዝቅተኛ ከሆነ ቋንቋዎች መካከል ነበር። ነገሩ በየጊዜው እየተሻሻለ ስለሆነ ጥርት ባለ ድምፅ ላይ ለመጀመሪያ ረቂቅ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ረቂቁን ማረም ከባዶ ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ከወሰደብዎ ግን ይተዉት። ከሁሉ በላይ የእርዳታ ድርጅቶችን ቃለ መጠይቅ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደየትኛውም ድረ ገጽ አይጫኑ፤ በጥቃት ስላለፉ ሴቶችና ስለ ሕሙማን የሚናገር ቪዲዮ እጅዎ ሊገባ ይችላልና፣ ምሥጢር መጠበቅ እንደ ሐኪም ቤት ሠራተኛ ግዴታዎ ነው።

ዋጋ ሲቆርጡ በሠሩበት ሰዓት ሳይሆን በቪዲዮው ደቂቃ ይሁን፤ ደንበኛው አስቀድሞ ሊያሰላው የሚችለው እሱን ነው። የራስዎን ልክ ለማወቅ የተለያየ ድምፅ ያላቸውን ሁለት ሦስት ቪዲዮዎች ሠርተው ጊዜውን ይመዝግቡ፤ ለጀማሪ አንድ የቪዲዮ ደቂቃ ከ10 እስከ 15 የሥራ ደቂቃ ቢወስድ አይደንግጡ፤ ትርጉም ሲጨመርበት ከዚያም ይረዝማል። በሰዓት ላገኝ ይገባኛል የሚሉትን ገንዘብ ለ60 ያካፍሉትና አንድ የቪዲዮ ደቂቃ በሚወስድብዎት የሥራ ደቂቃ ብዛት ያባዙት፤ የደቂቃዎ ዋጋ ይወጣል። ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚናገሩበት ወይም ነፋስ ያለበት ቅጂ ከፍ ያለ ዋጋ እንዳለው፣ አንድ ዙር እርማትም በዋጋው ውስጥ እንደሚካተት አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። የሚታይ ሥራ ለማግኘት ቴድ የተባለው ድርጅት በኢንተርኔት የሚያወጣቸው ንግግሮች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚካሄደው የበጎ ፈቃድ ትርጉም ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ሥራዎን ሌላ ተርጓሚ ስለሚገመግመውና ስምዎም ከሥራው ጋር ስለሚወጣ ለደንበኛ ማሳየት ይቻላል። ከዚያ ጋር አንድ የሦስት ደቂቃ አማርኛ ቃለ መጠይቅ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አዘጋጅተው ለስቱዲዮዎች ይላኩ፤ በራሳቸው ቪዲዮ ላይ ያገኙትን ስሕተት እየዘረዘሩ መላክ ግን ሰውን ያስቀይማልና አይሞክሩት።

ድርጅቶች ክፍያ ሲፈጽሙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ከሌለዎት የሚቀነስብዎት ግብር እጅግ ከፍ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ ከመቀበልዎ በፊት በወረዳዎ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቁጥሩን ያውጡ፤ ለዚህ ዓይነት አገልግሎት የንግድ ፈቃድ ያስፈልግዎት እንደ ሆነም በዚያው ይጠይቁ። የውጭ ደንበኛ ካገኙ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርስዎት ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ከባንክዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ፤ አንዳንዶቹ የውጭ የክፍያ መንገዶች ከኢትዮጵያ ገንዘብ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አያገለግሉም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ይህን ማወቅ ደግሞ ከባድ ነው።